የአባቶች ጠመንጃ ወዴት እየሄደ ነው?

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዙሪያዋ ያለው ምድር ግን እሷ ሳትወለድ በፊት ባሩድ ሸትቶታል። በስተደቡቧ ያለችው ይርጋለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሳለች፣ ገዥው ራስ ደስታ ዳምጠው በ1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ግንባር ከጣሊያኑ ጄኔራል ከግራዚያኒ ጦር ጋር ተዋግተዋል። ካፈገፈጉ በኋላም በሲዳማ ተራሮች ትግሉን ቀጠሉ። ይርጋለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች፤ ራስ ደስታም በዚያው ዓመት በየካቲት ተይዘው ተረሸኑ።

በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ የሚመራው ጦር ሻሸመኔን አስለቀቀ። ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ቁሊቶ አጠገብ በቢላቴ ወንዝ ላይ፣ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው ጦር ሳጅን የነበረው ናይጀል ሊኪ የጣሊያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ በሽጉጥ ተዋጋ። ከዚያ ውጊያ አልተመለሰም፤ ለጀግንነቱ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጥቶታል። ዛሬ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ለሚያልፈው መንገደኛ ይህን የሚነግረው የለም።

የእነዚያ ዘመናት መሣሪያዎች ግን ሁሉም አልጠፉም። ውጅግራን አንዴ ያነሳ ሰው ክብደቱን አይረሳም፤ ባዶውን ከ4 ኪሎ ይበልጣል። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ይህ ጠመንጃ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀለሁ ናስ ነው፣ ባሩዱ ጥቁር ነው። ሲተኮስ ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ተኳሹ ቦታ ካልቀየረ ጭሱ ራሱ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይዞ በ1928 ዓ.ም. አውሮፕላንና መትረየስ ከታጠቀ ጦር ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ጠመንጃው ራሱ ይናገራል። ጥይቱ ውድ ነበር፤ በአንዳንድ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ ያገለገለበት ዘመንም ነበር።

ከዓድዋ ድል የተገኘው የጣሊያን ጠመንጃ ቬተርሊ ሌላ ታሪክ አለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መድፎቹን ሁሉና ወደ 11,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ጥሎ ነው የሸሸው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ቬተርሊ በቤተሰብ እጅ ቢገኝ የዓድዋ ምርኮ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ከቤልጂግ የኤፍ ኤን ፋብሪካ ያስመጧቸው ሞዜሮች አሉ። ከእነዚህ መካከል ጥይት በሚጎርሰው ክፍል አናት ላይ ዘውድ የደፋና መስቀል የያዘ አንበሳ የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። ዝገት በልቶት አንበሳው በጣት ሲዳሰስ ብቻ የሚለይበት ጊዜ አለ።

እነዚህን መሣሪያዎች ዛሬ በጥንቃቄ ከሚያጠኑት መካከል አሜሪካውያን ይገኙበታል። ባለፉት ዓመታት የአሜሪካ አስመጪዎች ከኢትዮጵያ ብዙ አሮጌ ጠመንጃ ገዝተው ወስደዋል፤ ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ሞዜርና ካርካኖ የተባለው የጣሊያን ጠመንጃ በአንድ ላይ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ ሽያጩ ቀላል ነው። ገዢው ዝገቱን ያጸዳል፣ ማኅተሙንና ቁጥሩን ያነባል፣ ለውጅግራው ቀለህ በእጁ ባሩድ ሞልቶ በዒላማ ሜዳ ይተኩሳል። የጠመንጃውን ጉልበትና ድክመት በትከሻው ይረዳዋል። እኔ በዚህ ሰው አልፈርድበትም፤ ዕውቀቱ የሚደነቅ ነው። የሚያንገበግበኝ ጠመንጃው ከአገር ሲወጣ ማን እንደያዘው፣ በየትኛው ተራራ እንደተተኮሰ የሚያወራው ሰው እዚሁ መቅረቱ ነው። ብረቱ ፍሎሪዳ ላይ፣ ታሪኩ ሲዳማ ላይ ሲቀር ሁለቱም ይጎድላሉ።

በእኛ አገር ጠመንጃ ተኩሶ ማየት ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። ደግሞም መቶ ዓመት ያለፈው አፈሙዝ ውስጡ በዝገት የተበላ ስለሚሆን ለሠርግና ለለቅሶ ሲተኮስ ተኳሹንም አጠገቡ የቆመውንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው መተኮሱ ሳይሆን መመዝገቡ ነው።

አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ከፍታለች። የደቡቡ ግንባር ታሪክም የራሱ ክፍል ይገባዋል፤ ለእሱም ከሐዋሳ የተሻለ ቦታ የለም። ይርጋለምም ሻሸመኔም ቅርቧ ናቸው፣ ጎብኚውም ወደ ሐይቁ መምጣቱ አይቀርም። መተኮሻ ክፍሎቻቸው በባለሙያ የመከኑ ጥቂት ጠመንጃዎች፣ ከባለቤቶቻቸው ስምና ከተዋጉበት ቦታ ጋር ቢቀመጡ ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በዘመድ ቤት ከአያት የወረደ ጠመንጃ እንዳለ ካወቁ፣ በፖሊስ ከመመዝገቡ ወይም ለፖሊስ ከመሰጠቱ በፊት ማኅተሙንና ቁጥሩን ፎቶግራፍ ያንሱ። ከዚያም በሕይወት ካሉት የቤቱ አዛውንት ዘንድ ቁጭ ብለው የያዘውን ሰው ስም፣ የዘመተበትን ቦታና አዛዡን ይጻፉ። የዚያን ዘመን ሰዎች ልጆች እንኳ ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ይህን ሥራ ለከርሞ አያሳድሩት።