በሩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት

ልጅ ሆኜ ነው። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት እናቴን ተከትዬ ምርጫ ጣቢያ ወደነበረው ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ጋዝጊብላ ውስጥ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቁጥሩን ያነባል፣ የቀረው ቆሞ ይሰማል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጣቷ ላይ የተቀባው ቀለም ግን ገና አልለቀቀም። «ሰማሁ፤ በል እንሂድ» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ስለ ዲጂታል ምርጫ በተወራ ቁጥር ያቺ ወረቀት ትዝ ትለኛለች። ለመሆኑ ቴክኖሎጂው ሊተካት ነው ወይስ ሊያግዛት?

ምርጫ 3 ሥራ አለው፦ መመዝገብ፣ ድምፅ መስጠት፣ ቆጥሮ ማሳወቅ። ምዝገባ ላይ የኮምፒዩተር ጥቅም አያከራክርም። አንድ ሰው 2 ቦታ ቢመዘገብ ቶሎ ይለየዋል። የእኛው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም ለ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ዲጂታል ምዝገባ እንደሚጠቀም አሳውቋል። ችግሩ እኛ አገር ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ሰው መኖሩ ነው።

ድምፅ መስጠት ላይ ግን ዓለም ራሱ አልተስማማም። ኢስቶኒያ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት ታስመርጣለች። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2001 ዓ.ም. አገሪቱ የተጠቀመችባቸውን የምርጫ ማሽኖች አልተቀበላቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተራው ዜጋ፣ የተለየ ሙያ ሳይኖረው፣ ቆጠራውን ማረጋገጥ መቻል አለበት። የእናቴን ጉዳይ የተናገሩ መሰለኝ።

ትልቁ ትምህርት ያለው ውጤት ማሳወቅ ላይ ነው፤ አስተማሪያችንም ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ምርጫ ከ40 ሺህ በላይ ከነበሩት ጣቢያዎች ከ11 ሺህ የሚበልጡት ፈጣን ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውጤቱ የተላለፈበትን መንገድ መርምሮ፣ ኮሚሽኑም ሰርቨሩን በታዘዘው መሠረት ሳይከፍት ስለቀረ፣ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘው። በ2014 ዓ.ም. ግን ኮሚሽኑ የየጣቢያውን የውጤት ቅጽ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ አወጣ። ጋዜጠኛውም ተማሪውም እቤቱ ቁጭ ብሎ ደመረ። ክርክሩ ባይቀርም ፍርድ ቤቱ ውጤቱን አጸናው።

ልዩነቱን አያችሁ? መጀመሪያ ሕዝቡ ማሽኑን እመን ተባለ፤ ኋላ ማሽኑ ወረቀቱን አሳየው።

እኛም አገር ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት 2 ዓመት ያህል ተዘግቶ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። መስመር ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ማንም ያነበዋል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ቴክኖሎጂው ይምጣ፣ ወረቀቷ ግን አትነሳ። እኛም ነገ ምርጫ ልንዘግብ ስንወጣ ስልካችን ላይ የመጣልንን ቁጥር ከማስተላለፋችን በፊት እስከ በሩ እንሂድ። ማንበብ ለማይችሉትም ጮክ ብለን እናንብብላቸው።