ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ኢስራፍ፦ ስንት ውሃ ይበቃናል?



ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ዶርም ልብስ አጣቢውና ውዱእ አድራጊው አንድ ቧንቧ ላይ ይገናኛሉ። አንዳችን ለጅንሳችን የምናፈሰው ውሃ የሌላው የፈጅር ውዱእ ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ልብስ ለማጠብ ስንት ውሃ ይበቃል የሚለው የሐቅ ጥያቄም ነው። ለዚህ ጥያቄ የተለያዩ ሕዝቦች በማሽን ምርጫቸው የተለያየ መልስ ሰጥተዋል።

አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን

አሜሪካውያን ለረጅም ዘመን የለመዱት ከላይ የሚከፈተውን ማሽን ነው። መሃሉ ላይ ልብሱን የሚያገላብጥ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ በደንብ እንዲሠራ ልብሱ በውሃ መዋጥ አለበት። በዚህም የተነሳ የድሮዎቹ ማሽኖች ለአንድ እጥበት እስከ 150 ሊትር ማለትም ከሰባት ጀሪካን በላይ ይፈጃሉ። ጥቅማቸው ቶሎ መጨረሳቸው ነው።

በአውሮፓ ብዙው ቤት ጠባብ ስለሆነ ማሽኑ ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ በሩም ከፊት ነው። ከበሮው የተጋደመ በመሆኑ ልብሱ እየተነሳ ከታች ባለው ጥቂት ውሃ ላይ ይወድቃል። 50 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ግን አንዳንዴ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆያል። ውሃውንም ራሱ ያሞቃል። በሙቅ ውሃ ሲታጠብ አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚሄደው ለማሞቂያው ስለሆነ በቀዝቃዛ ማጠብ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ጃፓናውያን ደግሞ በአብዛኛው በቀዝቃዛ ውሃ ያጥባሉ። ገላቸውን ውጭ ታጥበው ወደ ገንዳው ስለሚገቡ የገንዳው ውሃ ብዙም አይቆሽሽም። ብዙ ቤተሰቦች ያንን ውሃ በትንሽ ፓምፕ ስበው ልብስ ያጥቡበታል፤ የሚያለቀልቁት ግን በንጹህ ውሃ ነው።

ውሃ በሚቆራረጥበት አገር ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ተመራጭ ነው። የቧንቧ ግፊት አይፈልግም፤ ከጀሪካን ይሞላል፤ አንዱን ልብስ ያለቀለቀውም ውሃ ለቀጣዩ ማጠቢያ ይሆናል።

የእኛ መለኪያ

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ ደግሞ ትጥበት ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ፣ 0.7 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ስሌት 150 ሊትር ከ200 በላይ ሰዎችን ውዱእ ያስደርጋል።

"ነጃሳ ካለበትስ?" የሚል ይኖራል። ጥንቃቄ የተሞላበት መንገድ ነጃሳውን አስቀድሞ ለብቻው፣ ውሃ እያፈሰሱበት በእጅ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ከሌላው ልብስ ጋር ማጠብ ነው። ማሽኑ የመጀመሪያውን ውሃ ደፍቶ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ የሚያለቀልቅ ከሆነ፣ የነጃሳው ቀለምና ሽታም ከጠፋ፣ ልብሱ ጠሃራ እንደሚሆን በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ይገልጻሉ። ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ብቻ ደጋግሞ ማጠብ ወስዋስ ነው፤ ወስዋስ ደግሞ ወደ ኢስራፍ ያደርሳል። በየመዝሀቡ ያለውን ዝርዝር ከኡስታዞቻችን እንጠይቅ።

በዶርማችን ምን እናድርግ?

• ቧንቧ ከፍተን ከማጠብ ይልቅ በሳፋ እንጠብ።
• ኦሞ አናብዛ፤ አረፋው በበዛ ቁጥር ማለቅለቂያው ይበዛል።
• ነጃሳ ያልነካውን የመጨረሻ ማለቅለቂያ ለቀጣዩ ልብስ ወይም ለሽንት ቤት እናስቀምጥ።
• ማሽን ካለ ሁለት ሦስት ሆነን ሞልተን እንጠቀም።
• በውሃ ቀን መጀመሪያ የውዱእ ጀሪካኖችን እንሙላ፤ እጥበቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

አላህ በኒዕማው ከሚያመሰግኑትና የወንድሞቻቸውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።