«ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለውን ጥያቄ የሚያውቅ ፊልም

ከሳዑዲም ሆነ ከጅቡቲ የተመለሰ ልጅ ጭሮ መናኸሪያ ሲወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ሻንጣውን ነው። ሂርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም ያው ነው። ሰላምታው ሳያልቅ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ በዓይን ይጠየቃል። ባዶ እጁን የመጣ ደግሞ ቀን ቀን ከቤት አይወጣም።

ይሄን ስሜት ከኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተሻለ የያዘ የአማርኛ ፊልም አላየሁም። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንጋፋው ዳይሬክተር ሌላ ድራማ አላየንም። ያኔ ሕፃን ለነበራችሁ ወይም ገና ላልተወለዳችሁ እንግዲህ አዲሱ የኃይሌ ድራማ ይሄ ነው።

አንበርብር (አሮን አረፈ ነው የሚጫወተው) በደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ በ1982 ዓ.ም. ግድም፣ ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ጀርመን ሄዶ ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ሲመለስ ግን አንድ እግሩ የለም፤ እንዴት እንዳጣው እንኳ በቅጡ አያስታውስም። መንደሩ የጠበቀው ዶክተር ነበር፤ የመጣለት ሌሊት እየቃዠ የሚጮህ ሰው ነው። ዘመድ ያጉረመርማል፣ ጎረቤት ያንሾካሹካል። እናቱ ግን ምንም አትጠይቀውም። በሕይወት መምጣቱ በቅቷታል፤ እየጸለየች ታስታምመዋለች፣ ጠበል ታስጠምቀዋለች። እኔ ፊልሙ ውስጥ ቆሜ የቀረሁት እነዚህ የእናትና ልጅ ትዕይንቶች ላይ ነው። ብዙ አይነጋገሩም። ኃይሌም ሙዚቃ ለቆ እንድናለቅስ አይገፋንም። (የጆርጋ መስፍን ሙዚቃ ሲመጣ ግን ቦታውን ያውቃል።)

ሌላው የማይረሳው የሕፃናቱ ነገር ነው። ወታደሮች ለጦርነት ልጅ ሊያፍሱ ሲመጡ የመንደሩ ልጆች ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እናቶች ታች ሆነው ይጮኻሉ። የደርግን አፈሳ ከወላጆቻችሁ አፍ ሰምታችሁ «አካበዱት» ያላችሁ ካላችሁ፣ ይሄን ክፍል እዩት።

እንከን የለውም ለማለት አይደለም። ታሪኩ ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ ተመልሶ ወደ መንደር ይዘላል፤ የአንበርብር ትዝታ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ፊልሙም አብሮት ይቆራረጣል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ «የት ነው ያለነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ጀርመን ያሉት ተማሪዎች ክርክርም አንዳንዴ በራሪ ወረቀት እንደማንበብ ይሆናል። ግን የዚያ ትውልድ ተማሪ እውነትም እንደዛ ነበር የሚያወራው።

ኃይሌ ራሱ ሄዶ የቀረ ሰው ነው። ጎንደር ተወልዶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ገባ፤ በኋላም ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ፊልም አስተማረ። በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቷል። «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ፤ በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት። ሽልማቱ ጥሩ ነው፣ ግን ፊልሙን እንድታዩት የምጎተጉታችሁ ለሱ አይደለም።

የእኛ ከተማም የራሷ አንበርብር ነበራት። በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የጦር ትምህርት ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። አገር ቤት ሲገቡ ያዩት ነገር ስላላስደሰታቸው «ፋቡላ» የሚባለውን የአውሬዎች ኮሜዲ ጻፉ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው እሱ ነው። ሹማምንቱ ነገሩ እነሱን እንደሚነካ ገባቸው፣ ቴአትሩም ታገደ። ከዚያ በኋላ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው መጥተው አሰበ ተፈሪን ሞዴል ከተማ ሊያደርጓት ደከሙ። እሳቸው የተማሩትን የሚያፈስሱበት ከተማ አገኙ። አንበርብር ይሄን ዕድል አላገኘም፤ የተማረው ሁሉ እጁ ላይ ቀርቶበት በክራንች ሐይቅ ዳር ይውላል። በመጨረሻ የሚሠራው ነገር ያገኝ እንደሆነ አልነግራችሁም። ብቻ ትልቅ ነገር አትጠብቁ፤ ያገኘው ነገር ትንሽ በመሆኑ ነው የወደድኩት።

ርዝመቱ 140 ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ የምታዩት ከሆነ ኖቲፊኬሽኑን አጥፉና ኢርፎን አድርጉ፤ ድምፁ ግማሹን ታሪክ ይናገራል። ከተቻለ ግን ብቻችሁን አትዩት። ቤታችሁ ወይ ሰፈራችሁ ውስጥ ከስደት ተመልሶ ዝም ያለ ሰው ካለ አብራችሁ ተቀመጡ። ፊልሙ እንዳለቀ ቶሎ አስተያየት አትስጡ፤ እሱ ወይም እሷ መጀመሪያ ያውሩ።