ከፎቶግራፉ ውጭ የሚቀረው ሰው

ከወላይታ ሶዶ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሳውላ የሚወርደው መንገድ በ1997 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ማዜ ብሔራዊ ፓርክ ያደርሳል። ፎቶግራፍ አንሺን ወደዚያ የሚስበው የስዋይን ቆርኬ ነው፤ ይኸውም በእንግሊዛዊ መኮንን ስም የተጠራ፣ ከሶማሊያ ከጠፋ ወዲህ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ ነው።

በፓርኩ ዳርቻ ካሜራችንን ስናነጣጥር አንድ ሽማግሌ ከብት እየነዱ ብቅ አሉ።

«አባቴ፣ ጥቂት ዘወር ይበሉልን» አልናቸው።

«እኔስ ዘወር ልበል፤ ከብቶቹን የት ላግባቸው?» አሉን።

አፈርን። ገንዲ የሚያመጣው የቆላ ዝንብ በነዚህ ቆላዎች ከብት እንዳይበዛ ሲከለክል፣ ደመወዝ የሌለው የአራዊት ዘበኛ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ መድኃኒት አለ፤ ሰውም በዝቷል፤ ቆርኬውና ላሚቱ የሚሹት ግን ያንኑ ሣር ነው። በወላይታ ገጠርም ገበሬው ከብቱን ከጅብ ለማዳን ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ሲያሳድር ኖሯል። ከአራዊት ጋር መጎራበት ለከተሜው ሥዕል፣ ለርሱ የሌሊት እንቅልፍ ነው።

ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ሽማግሌው ከነከብታቸው በፊት፣ ቆርኬዎቹ በስተኋላ ሆነው አነሣን። ጥራቱ ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ለዚህ ገጽ የመረጥነው ግን እርሱን ነው።