የተማሪ ልጅ ጤንነትና የፈተናው ዓመት

ልጅን ወልዶ ማሳደግ፣ አሳድጎም ለትምህርት ማብቃት ብዙ ድካም ያለበት ሥራ መሆኑን ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ደብተሩን፣ የደንብ ልብሱንና የመጓጓዣውን ሒሳብ በየጊዜው ማሟላት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ወላጅ ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ ከልጁ መልካም ውጤት ቢጠብቅ የተገባ ነው። ነገር ግን ውጤቱን እያሰብን ውጤቱን የሚያመጣውን ልጅ የረሳን እንደ ሆነ፣ ያሰብነውም አይገኝም፤ ልጁም ይጐዳብናል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ውሎና ጤንነት፣ ይልቁንም በ12ኛ ክፍል ላለው ልጅ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ጥቂት ነገር ለማመልከት እንወዳለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሐሳባችን እንመልከት። ይህች ልጅ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ከጓደኞቿ ጋር መረብ ኳስ ትጫወት፣ ዓርብ ዓርብም በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የራሷን ግጥም ታነብ ነበር። ዘንድሮ ግን እናቷ፣ «እንግዲህ ጨዋታው ይብቃሽ፤ ፈተናው ይለፍና ያን ጊዜ ትደርሺበታለሽ» ብላ ሁለቱንም አስተወቻት። ልጅቱም እንደ ታዘዘችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፏን ትገልጣለች፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ትቀመጣለች፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሣለች፤ እህል አልወርድ ብሏት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ጠጥታ ትወጣለች። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ራሴን ያመኛል ማለት ትጀምራለች፤ ያነበበችው አይያዝላትም፤ በትንሹም በትልቁም ታለቅሳለች። እናት ይህን ስታይ የትጋት ጉድለት ይመስላትና፣ «ይልቁንስ በርቺ» ትላታለች። እናቲቱ ክፉ ሆና አይደለም፤ ልጅዋን አብልጣ የምትወድ ናት። የጐደላት ፍቅር ሳይሆን፣ ፍቅሯን የምትመራበት ዕውቀት ነው።

ወላጆች እንዲህ መፍራታቸው ያለ ምክንያት አለመሆኑን እናውቃለን። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአዲስ ሥርዓት ተለውጦ፣ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርስቲ ግቢ ገብተው በዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፣ ከ896,520 ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶው 3.3 መሆኑ ነው። ይህ ቍጥር በየቤቱ ድንጋጤ ማግባቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን የደነገጠ ሰው አቅሙን ሳይመጥን ይሮጣል፤ አቅሙን ሳይመጥን የሮጠም ካሰበበት ሳይደርስ ይወድቃል። እንግዲህ ልጃችን ካሰበበት እንዲደርስ የሚያስፈልገውን ስንቅ አንድ በአንድ እንመልከት።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናነሣው ዕንቅልፍን ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልገው ሐኪሞች ይመክራሉ። ብዙ ሰዎች የተኛ ተማሪ ጊዜውን ያባከነ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሰው በተኛ ጊዜ አእምሮው ሥራ አይፈታም፤ ቀን የተማረውን እየለየ በማስታወሻው ውስጥ የሚያጸናው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ዕንቅልፉን ቀንሶ የሚያጠና ልጅ፣ እህሉን አጭዶ ሳይወቃና ጐተራ ሳያገባ በሜዳ ትቶት እንደሚሄድ ገበሬ ነው። ከዚህም በቀር በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ተፈጥሮ ራሱ ስለሚለወጥ፣ ልጆች ማታ ቶሎ ዕንቅልፍ አይመጣላቸውም፤ ጧትም ለመነሣት ይከብዳቸዋል። ይህን ስንፍና ብሎ መሳደብ አይገባም፤ የሚገባውስ የመኝታውን ሰዓት በየቀኑ አንድ ዓይነት አድርጎ መወሰንና፣ ተንቀሳቃሽ ስልኩ ከመኝታ ክፍሉ ውጭ እንዲያድር ማድረግ ነው። ይህም ደንብ የሚጸናው አባትና እናትም የራሳቸውን ስልክ ከዚያው ካስቀመጡ ነው።

ሁለተኛው የምግብ ነገር ነው። ባዶ ሆዱን የወጣ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዐይኑ ሰሌዳውን ቢያይም ልቡ ከዚያ አይገኝም። ቁርስ ሲባል ውድ ነገር ማለታችን አይደለም፤ ከማታ የተረፈ እንጀራ ፍትፍት ቢሆን፣ ቂንጬ ቢሆን፣ ዳቦ ከእንቁላል ጋር ቢገኝ ይበቃል። ጧት መብላት ለማይሆንለት ልጅ በምሳ ዕቃው ቋጥሮ በረፍት ሰዓት እንዲበላ ማድረግ ይቻላል። ስለ ሴቶች ልጆች ደግሞ እናቶች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ሴት ልጅ በየወሩ ከምታየው ደም የተነሣ በሰውነቷ ያለው የብረት ማዕድን ሊቀንስ ይችላል፤ የቀነሰም እንደ ሆነ ድካም፣ ራስ ማዞርና ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይከተላል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ፣ ይህን ጉድለት ለመሙላት ይረዳሉ፤ በምግቡ ላይ ቲማቲም ወይም ሎሚ መጨመርም ብረቱ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር አብረው ሲጠጡ ብረቱን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ መጠጣት ይሻላል። ልጅቱ በዚህ ሁሉ ድካሟ ካልለቀቃት ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሟን ማስመርመር ያሻል።

ሦስተኛው ጨዋታና ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብን ደኅና አድርጎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይኸው ድርጅት ከ146 አገሮች የተገኘውን፣ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበውን የተማሪዎች መረጃ መርምሮ እንደ ገለጸው፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሪዎች ከመቶ 81 የሚሆኑት ይህን ልክ አያሟሉም፤ ከወንዶችም ይልቅ ሴቶች ልጆች ወደ ኋላ ቀርተዋል። በእኛ ዘንድ የዚህ ምክንያት የታወቀ ነው። ወንዱ ልጅ ኳስ ይዞ ሲወጣ ዝም የሚል ወላጅ፣ ሴቲቱን ከወጥ ቤትና ከደብተር በቀር ሌላ መዋያ አይሰጣትም። ስለዚህ በእርሷ ላይ መረብ ኳሱን መከልከል ያለችውን አንዲት በር መዝጋት ማለት ነው። የመጫወቻ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ቢሆን እንኳ፣ በእግር ፈጥኖ መሄድ፣ ገመድ መዝለል፣ በግቢ ውስጥ መሮጥ ዋጋ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

አራተኛው የክበባት ሥራ ነው። ዛሬ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥነ ጽሑፍና የሴቶች ልጆች ክበባት ይገኛሉ። እነዚህ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደሉም። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የተናገረ ልጅ ፍርሃትን ማሸነፍ ይማራል፤ ችግኝ ተክሎ ውኃ ያጠጣ ኀላፊነትን ይለምዳል፤ ከሁሉም ይልቅ ችግር በደረሰበት ጊዜ የሚያዋየው ጓደኛ ያገኛል። በሴቶች ልጆች ክበብም፣ ከእናታቸው ጋር እንኳ ለመነጋገር የሚያፍሩበትን የወር አበባን ጉዳይ ከመምህርታቸው ጋር ይወያያሉ፤ የንጽሕና መጠበቂያና ለብቻ የሚታጠቡበት ክፍል ባለበት ትምህርት ቤትም፣ በዚያ ምክንያት ከትምህርት ከመቅረት ይድናሉ። በትምህርት ቤታችሁ ይህ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ፣ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት በተሰበሰበ ጊዜ አንሥታችሁ ብትነጋገሩበት ነውር አይሆንባችሁም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የልብ ጤንነት፣ ማለት የመንፈስ ሰላም ነው። በዓለም ላይ ዕድሜአቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንደሚያገኘው የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። እንዲህ ከሆነ ከአርባ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት የሚሆኑ ልጆች ሸክማቸውን ዝም ብለው ተሸክመው ይቀመጣሉ ማለት ነው። ልጅ ይወደው የነበረውን ነገር ሲተው፣ ከሰው ሲለይ፣ ዕንቅልፉና ምግቡ ያለ ልክ ሲቀንስ ወይም ሲበዛ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቈይ፣ ወላጅ ሊያስተውለው ይገባል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ቍጣ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት «እንዴት ዋልክ?» ማለት ነው። ከዚያም የክፍል ኀላፊ መምህሩን ወይም የምክር አገልግሎት የሚሰጠውን መምህር ማነጋገር ይበጃል። ልጁ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል የተናገረ እንደ ሆነ ግን፣ ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ብቻውን ሳይተዉ፣ ሳይቈጡና ሳያሳፍሩ፣ ሊጐዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቀው፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሊወስዱት ያስፈልጋል። ፈተና ቢያልፍ በዓመቱ ይመለሳል፤ የልጅ ሕይወት ግን ካለፈ አይመለስም።

የቀድሞዎቹን ትምህርት ቤቶች ያስታወስን እንደ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ነገር አዲስ አለመሆኑን እንረዳለን። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1943 በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና፣ በ1946 የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸውን በአዳሪነት ይቀበሉ ነበር። በአዳሪ ቤት መብላቱም፣ መተኛቱም፣ መጫወቱም የትምህርት ቤቱ ኀላፊነት ነው፤ ደወል ተደውሎ መብራት ይጠፋል፤ ደወል ተደውሎ ይነሣሉ። ዛሬ ግን አብዛኛው ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ ስለሚማር፣ ያ ኀላፊነት በቤትና በትምህርት ቤት መካከል ተከፍሏል። አንዱ ሌላውን ሲጠባበቅ ልጁ በመካከል እንዳይቀር መጠንቀቅ ያሻል።

ይህንንም አጥብቀን የምንናገርበት ሌላ ምክንያት አለን። ፈተናው በዩኒቨርስቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከቤቱ ወጥቶ አድሮ የማያውቅ ብዙ ልጅ ከማያውቃቸው ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል እያደረ መፈተን ሆኖበታል። ልብሱን ማጠብ፣ ዕቃውን መጠበቅ፣ በሰው መካከል መተኛት፣ ያለ እናቱ ጥሪ በጊዜ መነሣት የማያውቅ ልጅ፣ ትምህርቱን ቢያውቅ እንኳ በዚያ ይናወጣል። እንግዲህ ይህን ልማድ ከወዲሁ በቤት ማስለመድ የፈተናው ዝግጅት አንዱ ክፍል ነው። ከልዩ ልዩ ልጆች ጋር መግባባትን ደግሞ በክበቡና በጨዋታው ሜዳ እንጂ ብቻውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይማረውም።

አሁን ወደ ጀመርናት ልጅ እንመለስ። እናቷ ምክር ሰምታ እንዲህ አደረገች እንበል። መረብ ኳሱን በሳምንት ሁለት ቀን መለሰችላት፤ ጥናቱን ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ በመካከሉም አጭር ዕረፍት ያለው እንዲሆን ወሰነችላት፤ በ4 ሰዓት መብራት ይጠፋል፤ ጧት በ12 ሰዓት ትነሣለች። በጥናቱ ሰዓት የወጥ ቤቱን ሥራ ከወንድሞቿ ጋር ተካፍላ እንድትሠራ እንጂ ብቻዋን እንድትሸከም አላደረገችም። በዚህ አኳኋን ልጅቱ 8 ሰዓት ትተኛለች፤ በየቀኑም ሁለት ሰዓት ተኩል ለጥናት ታገኛለች። ይህ ከቀድሞው የሚያንስ ቢመስልም፣ የነቃ አእምሮ በሁለት ሰዓት የሚይዘውን የደከመ አእምሮ በአምስት ሰዓት አይይዘውም። ፈተናውን ታልፋለች ብለን ዋስ ለመሆን አንችልም፤ ነገር ግን ወደ ፈተናው የምትገባው ጤነኛ ሆና ነው፤ ከፈተናውም በኋላ ለቤተሰቧም ለራሷም የምትተርፍ ልጅ ናት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌ ከመስከረም ጀምሮ በልክ ለሚያጠና ተማሪ እንጂ፣ በሰኔ ሌሊቱን ሁሉ ለሚቀመጥ አልተነገረም። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ከማየታችሁ በፊት ፊቱን እዩ። በልቶ እንደ ሆነ፣ ተኝቶ እንደ ሆነ፣ ከጓደኛ ጋር ስቆ እንደ ሆነ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ስትገልጡ እርሱም በደስታ ያሳያችኋል።