ለራስ ፍልጠት የሚወጋው መርፌ

ጭንቅላትን በአንድ ወገን የሚፈልጥ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ የሚያስመልስም ራስ ምታት ማይግሬን ይባላል። በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች በፈረቃ የምትሠሩ እህቶች፣ እንቅልፍ ሲዛባና ምሳ ሲታለፍ እንዴት እንደሚነሣ፣ ግንባርን በሻሽ አስሮ ማሽን ፊት መቆምም ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ስለሚወጋው መከላከያ ሰምታችሁ ይሆናል። ከእነዚህ መርፌዎች የመጀመሪያው ኤሬኑማብ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም፤ ለብዙዎች ግን የሚታመሙባቸውን ቀናት ይቀንሳል።

ጉዳትስ የለውም? የተወጋው ቦታ መቅላትና ማበጥ ቀላሉ ነው። የሆድ ድርቀቱ ግን አንዳንዶችን ሆስፒታል አስተኝቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የደም ግፊት ሊያስነሣ ወይም ሊያባብስ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት። እንግዲህ ግፊት ያለባት እናት «እህቴ ላከችልኝ» ብላ የምትወጋው መድኃኒት አይደለም።

የሚያስቸግር ክኒን ቢተው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ከሰውነት ይወጣል። ይህ መርፌ ግን አንዴ ከተወጉት ግማሹ እንኳ እስኪወጣ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በእርግዝና ላይ በቂ ጥናት ስለሌለው ልጅ ያሰበች ሴት ወራት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

በሻንጣ የመጣውንም እንመርምር። ኤሬኑማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከወጣ በ7 ቀን ውስጥ ካልተወጋ ይጣላል።

በአገራችን ሐኪሞች ለመከላከያ የሚያዟቸው ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ክኒኖች ናቸው። አስም ያለባት ግን ፕሮፕራኖሎል ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሟ ትንገር።