በር ለማዕረግ ወይስ ለሥራ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ቢሮ በሆሳዕናና በዱራሜ

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቢሮ ግድግዳ በስፋት መፍረስ የጀመረው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በተለመደው አጠራሩ ቢፒአር፣ ከፌዴራል እስከ ወረዳ በተተገበረበት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ዓላማውም ባለጉዳዩ ፊርማ ፍለጋ ከክፍል ክፍል መንከራተቱ ቀርቶ ጉዳዩን በአንድ አዳራሽ እንዲጨርስ ነበር። ክፍት ቢሮ፣ ማለትም ብዙ ሠራተኞች በር በሌለው አንድ ሰፊ ክፍል የሚቀመጡበት አደረጃጀት፣ ግብር ለሚሰበስብና ንግድ ፈቃድ ለሚያድስ ሠራተኛ ዛሬም ተገቢ ነው። ስሕተቱ ለባለጉዳይ መስኮት የወጣው መለኪያ ባለጉዳይ ለማያስተናግደው የሶፍትዌር ባለሙያም እንዲሁ መዋሉ ነው።

ጉዳዩ በሐዲያዋ ሆሳዕናና በከምባታዋ ዱራሜ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫው ብትሆንም፣ የክልሉ ቢሮዎች በአንድ ከተማ ሳይሰበሰቡ እንደ ዱራሜ፣ ቡታጅራ፣ ወልቂጤና ወራቤ ባሉ ከተሞች ተከፋፍለዋል። በዚህ መልክ የተበተነ አስተዳደር ደብዳቤውን፣ በጀቱንና የሠራተኛ መረጃውን በኔትወርክ ካላገናኘ ባለጉዳዩ እንደገና ከክፍል ክፍል ሳይሆን ከከተማ ከተማ ስለሚመላለስ፣ ክልሉ በሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ላይ ያለው ጥገኝነት ከፍ ያለ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆሳዕና ካለው ዋና ግቢው በተጨማሪ በዱራሜ ካምፓስ ያለው በመሆኑ፣ ሥራውን የሚረከበው ወጣት በአካባቢው እየሠለጠነ ነው።

ኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ የሚጻፈው ጸሐፊው የብዙ ክፍሎችን ግንኙነት በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ነው፤ ጸሐፊው ለአፍታ ሲቋረጥ የሚጠፋው ጥያቄውን የመለሰበት ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ያንን ግንኙነት እንደገና ለመገንባት የሚወስደው ጊዜ ጭምር ነው። በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የአይሲቲ ባለሙያ የሚባለው አንዱ ሰው ሶፍትዌር ሠሪም፣ ወረቀት የያዘ ፕሪንተር አስተካካይም፣ «ሲስተም የለም» ሲባል ተጠሪም በመሆኑ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ መቀመጡ ራሱ በየጊዜው እንዲጠራ ያደርገዋል። በዚህ ላይ የአካባቢው ጨዋነት ይታከላል። ታላቅ ሰው ወደ ክፍል ሲገባ ብድግ ማለት፣ የቤተሰብን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቆ መመለስ ግዴታ ነው፤ ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ዓይኑን ከስክሪኑ ያልነቀለ ወጣት ትዕቢተኛ ይባላል። ይህ ባህል ሊከበር የሚገባው መልካም ባህል ስለሆነ፣ ባለሙያውን ከሰላምታና ከሥራው አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ ተገቢ አይደለም፤ በሩ ሲዘጋ ምርጫው አይነሣም፤ ሲከፈትም ሰላምታው በሙሉ ልብ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ጥያቄው ቀደም ብሎ ተጠንቷል። አይቢኤም በካሊፎርኒያ የሳንታ ቴሬዛ ቤተ ሙከራውን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲገነባ ለእያንዳንዱ ፕሮግራመር ወደ 9 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ዝግ ክፍል ሰጥቷል። ቶም ዲማርኮና ቲሞቲ ሊስተር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ፒፕልዌር» በተሰኘው መጽሐፍ፣ በፕሮግራም ውድድሮቻቸው ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ባለሙያዎች ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት ይልቅ ሰፋ ባለና ጸጥ ባለ ቦታ የሚሠሩ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ እርግጥ ጥሩ ባለሙያ ጥሩ ቢሮ ወዳለው ድርጅት ስለሚሳብ ይህ ብቻውን ጸጥታው የውጤቱ ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ኤታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው፤ በሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች ግድግዳ ሲነሣ ሠራተኞች ይበልጥ ይወያያሉ ተብሎ ቢጠበቅም፣ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ 70 በመቶ ያህል ቀንሶ የኢሜይል ልውውጣቸው ጨምሯል።

ይሁን እንጂ ለአንድ ሰው አንድ ክፍል መስጠት ለሆሳዕናም ሆነ ለዱራሜ የሚመከር አይደለም፤ ወጪ ስለሚያስከትል ብቻ ሳይሆን መማርንም ስለሚጎዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በበይነ መረብ የሠለጠነ ወጣት መሠረቱን ቢያገኝም፣ ስሕተትን አድኖ ማግኘትን የሚማረው ልምድ ካለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የሚሻለው በአንድ ሥራ ላይ የተሰማሩ 3 ወይም 4 ባለሙያዎች የሚጋሩት፣ በር ያለው አነስተኛ ክፍል ነው፤ በዚያ ክፍል የሚነሣው ወሬ አብዛኛው ሥራውን የሚመለከት ይሆናል።

ትልቁ እንቅፋት ቦታ ማነሱ አይደለም። ግድግዳ በፈረሰባቸው መሥሪያ ቤቶችም ቢሆን ለኃላፊው ክፍል፣ ለጸሐፊዋም የፊት ክፍል መተዉ የተለመደ ነው፤ በር የሚታደለው በማዕረግ እንጂ በሥራ ጠባይ አይደለም። ሆኖም ቀኑን በስብሰባና በመስክ የሚያሳልፍ ኃላፊ ክፍሉ ለረጅም ሰዓት ባዶ ይውላል፤ ሙሉ ቀን ከአንድ ጽሑፍ ጋር የሚታገለው ባለሙያ ደግሞ በመተላለፊያ ላይ ይቀመጣል።

በሆሳዕና በርካታ ሕንፃዎች፣ ልጆቿ ከደቡብ አፍሪካ በላኩት ገንዘብ የተሠሩትን ጨምሮ፣ ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው ለቢሮ የሚከራይ ነው። ፎቁን የተከራየ መሥሪያ ቤት ክፍሎቹን አፍርሶ አዳራሽ ከማድረጉ በፊት ቢያንስ አንዱን ከደረጃውና ከባለጉዳይ መስኮቱ ራቅ ያለ ክፍል ለሶፍትዌር ቡድኑ ማስቀረት ይችላል። ግድግዳው አስቀድሞ የፈረሰ ከሆነ ደግሞ የሚሠራው ፓርቲሽን እስከ ኮርኒሱ መድረስ አለበት፤ በሰው ቁመት ላይ የሚቆም መስታወት ዕይታን ቢከልልም ድምፅን አያግድም።